የቀጨሞ ሰው ይብላ

በአንድ ወቅት፣ ወንዝ ከተራራ እየተንደረደረ በሚወርድበት ቀጨሞ በሚባል አገር፣ እሜቴ የሻረግ የሚባሉ ወይዘሮ ይኖሩ ነበር። በዚያ ዙሪያ በውሃ የሚዞር ወፍጮ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። የቀጨሞ ሰው እህሉን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሲራራ ነጋዴውም ስንቁን ሊያስፈጭ አህዮቹን እየነዳ ከሩቅ ይመጣል። ከሚፈጨው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ለወፍጮው ይቀራል። ያ ጥቂት ሲጠራቀም ጎተራ ይሞላል።

እሜቴ የሻረግ በልጅነታቸው ክፉ ቀን አይተዋል። እናታቸው የወለዷቸውን ሁሉ በየመንገዱ ቀብረው፣ የተረፈችውን አንዲት ልጅ አዝለው ቀጨሞ የገቡት በዚያ ቀን ነው ይባላል። ስለዚህ ሊሞቱ ሲሉ የአገሩን ሽማግሌዎች አስጠርተው፣ ሦስቱን ልጆቻቸውን አልጋቸው አጠገብ አቁመው ሲናዘዙ፣ ስለ ከብትም ስለ ጌጥም አላነሱም።

«ወፍጮው ይፍጭ» አሉ። «ከወፍጮው የሚገባውን የቀጨሞ ሰው ይብላ። አደራ።»

ሌላ አልጨመሩም። ምናልባት ሊጨምሩ ነበር፤ ትንፋሻቸው አላደረሳቸውም።

ተዝካሩ ወጥቶ እንግዳው ሲበተን፣ ልጆቹ በአንዲት ቃል ላይ ተለያዩ። «ሰው» ያለችው ማንን ነው?

በኩሩ ይርዳው ዝግ ያለ፣ ለመቆጣት የማይቸኩል ሰው ነው። «ሰው ማለት ሰው ነው» አለ። «በቀጨሞ የሚተነፍስ ሁሉ። ሀብታም ድሃ፣ ታታሪ ሰነፍ ብዬ አልለይም። ለሁሉም እኩል ነው የምሰጠው።»

መካከለኛዋ አንጓች ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ናት፤ የጎረቤቷን ችግር ከጎረቤቷ ቀድማ የምታውቅ ሴት። «እማዬ የራበውን ሰው ማለቷ ነው» አለች። «የጠገበን ማጉረስ አደራ መወጣት አይባልም።»

የሁሉ ታናሽ ደምለው ከነጋዴ ጋር ብዙ አገር የዞረ ጎልማሳ ነው። «እናታችን ስትሠራ ኖራ ስትሠራ የሞተች ሴት ናት» አለ። «የሚሠራ ይብላ ማለቷ ነው። ሥራውም ለልጅ ልጅ ይትረፍ።»

ሦስቱም ከልባቸው ነበር። አንዳቸውም እህሉን ለራሳቸው አልፈለጉትም። እንዲህ ያለው ጠብ ነው ለመዳኘት የሚያስቸግረው። የአገሩ አንጋፋ ዳኛ አያ ሽበሺ ሲያዳምጧቸው ከዋሉ በኋላ፣ «እናታችሁ ከመቃብር ተነሥታ አትተረጉምልንም» አሏቸው። «እንግዲያው በየተራ አንድ አንድ ዓመት ያዙት። አገር ዓይን አለው፤ አይቶ ይፍረድ።»

በዚህ ተስማሙ።

መጀመሪያ የያዘው ይርዳው ነው። ወር በገባ ቁጥር የወፍጮ ቤቱ ደጅ ይከፈታል፤ የመጣ ሁሉ ቤቱ ሳይታይ፣ ኑሮው ሳይጠየቅ፣ ለያንዳንዱ ነፍስ አንድ ቁና ዱቄት ይሰፈርለታል። ትናንት ለተወለደ ሕፃን አንድ ቁና፤ ለአገሩ ትልቅ ባለመሬት ለባላምባራስ ጓንጉልም አንድ ቁና። የባላምባራስ አሽከር ስልቻውን ይዞ ከድሆቹ ጋር ሲሰለፍ ደምለው አላስችለው አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ለባላምባራስም? በቅሎ ሊቀልቡበት እኮ ነው!»

«ይቀልቡበት» አለ ይርዳው፣ ቁናውን መሙላቱን ሳያቋርጥ። «አንዱን ‹ላንተ አይገባህም› ያልኩት ቀን፣ ሌላው ‹እንደሚገባህ አስረዳ› መባሉ አይቀርም። ያን ቀን ግማሹ አገር አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። እኔ ደጅ አንገቱን የሚደፋ ሰው አልፈልግም።»

በባላምባራስ ቤት ስመኝ የምትባል ልጅ ነበረች። ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ ለሆዷ ስትል የገባች፣ እዚያው ያደገች፣ ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም ውላ ጓዳ የምታድር ልጅ። ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም። አይመቷትም፤ አያስርቧትም። ነገር ግን ከዚያ ቤት ውጭ የምትበላው ስላልነበራት፣ መውጣት የሚባል ነገር በሐሳቧም አልነበረም። ያ ድርሻ ከወር ወር ሳይጓደል ሲመጣ ካየች በኋላ ግን አንድ ጠዋት ነጠላዋን አደግድጋ ጌታዋ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ልሰናበትዎ ነው።»

«ወዴት?»

«ሩቅ አይደለም። ወንዙ ማዶ ጎጆ ልቀልስ።»

«ምን ልትበዪ? ያች ቁና እኮ አታጠግብሽም።»

«አታጠግበኝም ጌታዬ። ግን ሳልለምን ታሳድረኛለች።»

ባላምባራስ እንዲህ ያለ መልስ ከሷ ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም። መርቀው አሰናበቷት፤ ማታውን ግን እራታቸውን በቅጡ አልበሉም ይባላል።

ስመኝ ጎጆዋን ቀለሰች፤ ጥጥ መፍተልም ያዘች። ፈትሏን የሚገዛት ቸኮል የሚባል ሸማኔ ነው። ቸኮል እጁ የተመሰከረለት ቢሆንም፣ አንድ ጋቢ ተሸምኖ እስኪሸጥ ሚስቱና ልጆቹ የሚቀምሱት ስለሌለ፣ ሽመናውን ትቶ የሰው ማሳ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ያን ዓመት ግን የቤተሰቡ ቁና ስለሚደርስ፣ ከዘመናት በኋላ ወደ ሽመና ጉድጓዱ ወርዶ መወርወሪያውን አነሣ። ሚስቱ ጠጂቱ በየገበያው «ባሌ ዘንድሮ እንደ ድሮው ሆነልኝ» እያለች ታወራ ነበር። ሌሎችም አሉ። በመያዣ የሰጠውን በሬ ያስመለሰ አለ፤ ልጇን ላልወደደችው ሽማግሌ መዳሩን የተወች እናት አለች። ቀጨሞን ጥሎ ሊሰደድ ጓዙን የሸከፈው ሁሉ ጓዙን ፈታ።

ግን ደግሞ ሌላውንም ወገን ስሙት። መኸር ደረሰ፤ የባላምባራስ ጤፍ ወርቅ መሰለ። አጫጅ ተፈለገ። በፊት ለቀን ቀለብ ሲሉ ጎህ ሳይቀድ የሚሰለፉት ጎበዛዝት ያን ዓመት ተቀማጥለዋል። አንዱ «ነገ እመጣለሁ» ይላል፤ አንዱ የእጁን ዋጋ ይቆልላል፤ አንዱ ጥላ ሥር ተንጋሎ ገበጣ ይጫወታል። ጤፉ ሳይታጨድ ወቅቱ ያልሆነ በረዶ ጣለ። ባላምባራስ ከጭቃ በተደባለቀው ጤፋቸው መሃል ቆመው «ይርዳው አንድ ቁና ሰጠኝ፤ አንድ ማሳ ወሰደብኝ» አሉ። የጠፋውም የሳቸው ብቻ አልነበረም። በዚያ መሬት ላይ ምርቱን እኩል እየተካፈሉ የሚያርሱት ድሆችም ድርሻቸው ከጭቃው ጋር ሄደ።

ደግሞ እማማ ደብሬ ነበሩ። ጧሪ የሌላቸው፣ ከመደብ የማይነሱ አሮጊት። ለሳቸውም እንደ ሁሉ ሰው አንድ ቁና ደረሳቸው። ዱቄቱ ራስጌያቸው ተቀመጠ፤ የሚያቦካ እጅ ግን አልነበረም። ለጤነኛ ጎረምሳና ለሳቸው እኩል ተሰፈረ፤ ችግራቸው ግን እኩል አልነበረም።

ዓመቱ ሲያልቅ የጎተራው ወለል ታየ።

ቀጥሎ አንጓች ያዘች። የወፍጮ ቤቱን ደጅ ዘጋች፤ ነጠላዋን አጣፍታ በየቤቱ መዞር ጀመረች። «ለሁሉ የሚዳረስ ለማንም አይበቃም» ትል ነበር። ጎታውን ታያለች፤ ምድጃውን ትነካለች፤ ልጆቹን ምን በላችሁ ብላ ትጠይቃለች። ለባላምባራስ አንዲት እፍኝ አልሰጠችም። ለአባት አልባ ልጆች፣ ለዓይነ ስውሩ፣ ለአራሷ ግን ከዱቄቱ ሌላ ጨውና ቅቤ እየጨመረች ትልቅ ትልቅ ድርሻ ሰጠች። ለእማማ ደብሬ አንዲት ሴት ቀጠረችላቸው፤ የምታበስል፣ የምታጥብ። አንድ ቀን እማማ ደብሬ ታቅፈው ወጥተው ደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ ያያቸው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አመሰገነ። ጎተራውም እየሞላ ሄደ፤ ሁለተኛ ጎተራ ማቆም አስፈለገ።

ወደ ስመኝ ጎጆ ስትገባ ግን ጥሩ ልቃቂት ቁጭ ብሎ አየች። «አንቺ እግዚአብሔር ይመስገን ችለሻል» አለቻት፤ ከልቧ ደስ ብሏት። ከዚያ ወር ጀምሮ የስመኝ ድርሻ ቀረ። ፈትል ደግሞ ሁልጊዜ አይሸጥም። በቀጣዩ ጊዜ አንጓች ስትመጣ ስመኝ እንዝርቷንና ጥጧን ሣር ክዳኑ ውስጥ ወትፋ ባዶ እጇን ተቀመጠች። ድርሻዋ ተመለሰ። ጎረቤት ግን አይቷታልና ለአንጓች ነገራት። ነገሩ በስመኝ ብቻ አላበቃም፤ ዶሮውን ጎረቤት የሚያሳድር፣ ልጁን ቡትቶ አልብሶ የሚያስጠብቅ፣ በጎረቤቱ ላይ የሚያሳብቅ በዛ። አንጓች ልቧ አዘነ፤ ቢሆንም ስመኝን ከተረጂዎቹ አወጣቻት። ስመኝ እንዝርቷን እንደገና ብታወጣም ክረምት ሲገባ ገበያው በጭቃ ተዘጋ፤ ፈትል የሚገዛ ጠፋ። ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ባላምባራስ ጓዳ ተመለሰች። ባላምባራስ ምንም አልተናገሯትም። አለመናገራቸው ባሰባት።

ሸማኔው ቸኮልም በዚያ ክረምት ደረቱን ያመው ጀመር። ሲያስለው ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። አንጓች ሳሉን ሰምታ መጣች።

«ቸኮል፣ እንዴት ነህ? ቤቱን እስቲ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው እትዬ?»

«ጎታህን። የጎደለህ ካለ ልሙላልህ ብዬ ነው።»

«ደህና ነን። እግዜር ይስጥልን።»

«ጠጂቱስ አለች?»

«አለች። ደህና ነች። ሁላችንም ደህና ነን።»

ደጁ ላይ ቆሞ መግቢያውን በሰውነቱ ሸፍኖ ነበር። ከጎጆው ጣራ ጭስ ይወጣል። ያን ጭስ ያስነሣችው ጠጂቱ ናት፤ ጎረቤት እሳት እንዳላቸው እንዲያይ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ ቸኮል በዚያ እሳት ከመለብለብ ረሃቡን መረጠ። አንጓች ጭሱን አየች፤ ሰውየውም አልለመነም፤ ጠብቀው የቆሙ ሌሎች ብዙ ደጆች አሉባት፤ ሄደች።

ቸኮል ነሐሴ ሳያልቅ ሞተ።

በቀብሩ ላይ አንጓች መሬት ላይ ወድቃ አለቀሰች። የሚያነሣት ጠፍቶ ያነሣቻት ራሷ ጠጂቱ ናት።

«እትዬ፣ አንቺ ምን ታድርጊ» አለቻት። «መጥተሽ ነበር። ያልከፈተው እሱ ነው። ጭሱን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።» ቀጥላ ደግሞ፣ ለመውቀስ ሳይሆን እውነቱን ለመናገር ያህል፣ «አምና ግን ማንም ሳይጠይቀን በላን» አለች።

አንጓች ከዚያ ቀን በኋላ ከደጅ ቆማ አትመለስም ነበር፤ ደህና ነን ቢሏትም ገብታ ታያለች። ይሄም ሌላ ቅሬታ አመጣ። ግን ዓመቱ አለቀ።

ሦስተኛው ተራ የደምለው ነው። ደምለው በዞረበት አገር ወንዝ በቦይ ተጠልፎ ደረቅ ሜዳ ሲያለመልም አይቷል። ከቀጨሞ በታች ጎሽ እንኳ የማይግጠው ደረቅ ሜዳ ተዘርግቷል። ሕዝቡን ሰብስቦ «ወንዙን ከላይ እንጥለፈው» አለ። «ድንጋይ የተሸከመ፣ አፈር የቆፈረ ሁሉ በየወሩ ሁለት ቁና ይወስዳል። ከይርዳው እጥፍ ነው። የምሰጣችሁ ግን ምጽዋት አይደለም፤ የላባችሁን ነው።»

አገሩ ተነሣ። ጥላ ሥር የተንጋለሉት ጎበዛዝት ዶማ አነሡ። ስመኝ ከባላምባራስ ጓዳ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣች፤ ይህን ጊዜ ሳትሰናበት፣ እየሮጠች። ገደሉን ሲንዱ አንዱ ያቀነቅናል፤ ሌላው ይቀበላል። ጎረቤቱን ሲሰልል የከረመ ሰው ከዚያው ጎረቤቱ ጋር ድንጋይ ሲቀባበል ዋለ። ማታ ሲመለሱ ወገባቸው ይቆረጣል፤ ግን እየሳቁ ነበር የሚመለሱት። ደምለውም ቆሞ አዛዥ አልሆነም፤ ትልቁን ድንጋይ የሚያነሣው እሱ ነው።

የሸማኔው ሚስት ጠጂቱም መጣች። ባሏ ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ገና መውለዷ ነው። ደምለው አራስነቷን አይቶ «ጠጂቱ፣ አንቺ ትንሽ ቆይ» አላት።

«ከቆየሁ ቁናው ይቆየኛል?» አለችው።

ደምለው ላልሠራ አልሰጥም ብሎ በሕዝብ ፊት ምሏል። ለአንዷ ከሰጠ ነገ መቶ ምክንያት ይመጣበታል። «እንግዲያው ቀላሉን ያዢ» አላት። ሕፃኑን አዝላ ጠጠር ስትሸከም፣ ከላይ የተናደ ድንጋይ እግሯን አገኘው። ሕፃኑ አልተነካም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄደችም። ደምለው ውሃ የሚጠጣበትን ቅል እንድትጠብቅ አድርጎ ድርሻዋን ቀጠለላት፤ እሱ ራሱ ግን ሥራ ብሎ የሰጣት ሥራ እንዳልሆነ ያውቀዋል።

እማማ ደብሬን የምትረዳቸው ሴትም ሁለት ቁና ትርፍ ነው ብላ ወደ ቦዩ ሄደች። አሮጊቷ ውሃ ፍለጋ ከመደባቸው ወድቀው ደጃፉ ድረስ ሲድሁ አንጓች ደረሰችባቸው። አዝላ ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

ዓመቱ ከመውጣቱ በፊት ውሃው መጣ። መጀመሪያ ጭቃማ፣ ቀጥሎ እየጠራ፣ ያ ከተፈጠረ ጀምሮ ውሃ ያልነካው ሜዳ ላይ ገባ። ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው ቆሙበት። ሜዳው ለሠሩት ተከፋፈለ፤ ስመኝ በሕይወቷ የመጀመሪያ መሬቷን አገኘች፤ ጠባብ ብትሆንም የራሷ። ነገር ግን ቦዩ ወደ ሜዳው የሚወርደው በባላምባራስ ማሳ በኩል ነው። ድንጋይ ያልተሸከሙት ባላምባራስ ከሁሉ በፊት ጠጡ፤ ከሁሉ በላይም አመረቱ። አንዳንዱ «ወገባችንን የቆረጥነው ለሳቸው ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ሦስቱ ዓመት በዚህ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ሊፈርዱ ሲሉ ግን ሰማይ ቀደማቸው። በአራተኛው ዓመት ዝናብ አልመጣም። በዙሪያው ያለ አገር ፈለሰ፤ መንገዱ በተሰደደ ሰው ተሞላ። ቀጨሞ ግን አልፈለሰም። የደምለው ቦይ ቢቀጥንም ሜዳውን አልተወውም። ያ ብቻውን ግን አይበቃም ነበር፤ ሰብል እስኪደርስ ሰው የሚበላው፣ ደምለው የዓመቱን ገቢ ብቻ ከፍሎ ያልነካው የአንጓች ሁለት ጎተራ ስለነበረ ነው የተረፈው። የሚያርሰውና የሚጠምደውም የተገኘው በይርዳው ዓመት ጓዙን የፈታው ሰውና ከመያዣ የወጣው በሬ ስለነበረ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል፣ እሜቴ የሻረግን አዝለው እንደመጡት እናት፣ የቀጨሞም እናቶች በየመንገዱ እየቀበሩ በሄዱ ነበር።

ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ አያ ሽበሺ አገሩን ወፍጮ ቤቱ ግቢ ሰበሰቡ። «ወፍጮውን ከእንግዲህ አንዱ ይያዘው» አሉ። «በየዓመቱ የሚለዋወጥ ሕግ፣ ሕግ አይባልም። ሰው ነገ ምን እንደሚበላ አውቆ ይደር። ተናገሩ።»

ይርዳው ተነሣ። «ስንፍናን አብልቻለሁ፤ አልክድም። በበረዶ የሄደውን ጤፍ ሳስብ ያመኛል። ግን በኔ ዓመት ደጁን ዘግቶ የሞተ የለም።»

አንጓች ተነሣች። «ቸኮልን ገድዬዋለሁ። በየቀኑ ፊቱን አየዋለሁ። ግን ይርዳው ለባላምባራስ በቅሎ የሰፈረው እህል የእማማ ደብሬ ነበር። ያለው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ነገር ወደ ቆሰለው ነው የሚሄድ።»

ደምለው ተነሣ። «የጠጂቱን እግር መመለስ ብችል ቦዩን እደፍነው ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን እነሱ የሰጡት ተበላ፤ አለቀ። እኔ የሰጠሁት እየፈሰሰ ነው» አለ።

አንዱ ከሕዝቡ መሃል «ሦስቱንም አንድ ላይ ብናደርገውስ?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ የሚል ሐሳብ ነውና።

«እህሉ አንድ ነው ልጄ» አሉት አያ ሽበሺ። «ለሁሉ ከሰፈርነው፣ ለእማማ ደብሬ የሚጨመረው ከየት ይመጣል? ለእማማ ደብሬ ከጨመርን፣ ቦዩ በተናደ ጊዜ ሠራተኛውን ምን እናበላዋለን? ሁሉንም በጥቂት በጥቂት ካደረግነው ሁሉም ሳይሆን ይቀራል።»

ያኔ ባላምባራስ ጓንጉል ተነሡ። ሰው ሁሉ ለደምለው ይናገራሉ ብሎ ጠበቀ፤ ውሃውን የጠጡት እሳቸው ናቸውና።

«እኔ ለይርዳው ነኝ» አሉ። «ማሳዬን ያጣሁት በሱ ነው። ያቺን ቁናም በቅሎዬ በልታታለች። ግን ለኔ ያልከለከለ ለማንም አይከለክልም። ሀብት ዛሬ አለ፤ ነገ የለም። ልጄ ቢደኸይ የማንንም ደጅ እንዳይጠና እፈልጋለሁ።»

«ይህን የሚለው ጎታው የሞላ ሰው ነው!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ፤ የአራስ ልጇን በአንጓች ቅቤ ያሳደገች። «ለነገ ልጅዎ ብለው የዛሬ ልጄን ድርሻ ሊያሳንሱት!»

ከጎበዛዝቱ አንዱ ደግሞ «በቦዩ ላይ ነው እኔ ሰው የሆንኩት» አለ። «በፊትማ ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም ተኝቼ ነበር።»

ጫጫታው በረታ። በመጨረሻ አያ ሽበሺ እጃቸውን አንሥተው ስመኝን ጠሯት። «አንቺ ከሦስቱም እጅ በልተሻል፤ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ቀምሰሻል። ንገሪን።»

ስመኝ ቆመች። ሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም።

«ይርዳው የሰጠኝ ቀን ከሰው ቤት ወጣሁ» አለች። «እትዬ አንጓች የከለከለችኝ ቀን ወደ ሰው ቤት ተመለስኩ። ያን የከለከለችኝን እህል ግን በክፉው ቀን በላሁት፤ እሱ ባይኖር አልቆምም ነበር። ደምለው ወገቤን ሰብሮታል፤ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ያመኛል። መሬት ግን አለኝ።»

«ታዲያ ለማን ይሁን?»

ይርዳውን አየችው፤ አንጓችን አየቻት፤ ደምለውንም አየችው። ጠጂቱ ምርኩዟን ይዛ፣ ልጇን ታቅፋ ከፊት ተቀምጣለች። እማማ ደብሬ አንጓች ጫንቃ ላይ ተደግፈዋል።

«አባቴ፣ አንዱን ዓመት ብቻ ኖሬ ቢሆን ኖሮ እመልስልዎ ነበር» አለች፤ ተቀመጠችም።

አያ ሽበሺ ምን እንደፈረዱ አላውቅም። እኔ ዘንድ የደረሰው እስከዚህ ድረስ ነው። ይህን በተናገርኩበት ሁሉ ባልና ሚስት ተኮራርፈው አድረዋል፤ አባትና ልጅ እስኪነጋ ተሟግተዋል። ሠርቶ የደከመው አንዱን ይላል፤ ደጅ የጠናው ሌላውን ይላል፤ የታመመ የተኛበት ቤት ደግሞ ሌላውን።

አሁን ተራው የናንተ ነው። እሜቴ የሻረግ «የቀጨሞ ሰው ይብላ» ብለዋል። በአያ ሽበሺ ቦታ ብትቀመጡ፣ ወፍጮውን ለማን ትሰጡታላችሁ? ማንንም ሳይጠይቅ ለሁሉ ለሰፈረው ለይርዳው ነው? ለተቸገረው ብቻ ላደረሰችው ለአንጓች ነው? ወይስ ለሠራው ከፍሎ ውሃውን ላመጣው ለደምለው?